በብርድ ወራት ፖቶማክ ዳር፦ ለሁለት ጓደኛሞች የካትፊሽ ማጥመጃ ዝርዝር መመሪያ

ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ሰው ይጠፋል እንጂ ዓሣው አይጠፋም። የውኃው ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ፋራናይት ሲወርድ ብዙ ዓሦች መብላት ከሞላ ጎደል ያቆማሉ፤ ብሉ ካትፊሽ ግን ጥልቅ ሥፍራ ላይ በመንጋ ተሰብስቦ መብላቱን ይቀጥላል። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ለሚኖር ሰው፣ ጀልባ ሳያስፈልገው ከዳር ቆሞ በክረምት ሊያጠምደው የሚችለው ትልቅ ዓሣ ይህ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለት ሰው መሆን ያስፈልጋል። ጨዋታው ደስ ስለሚል ብቻ አይደለም፤ ብርዱና ቀዝቃዛው ውኃ ብቻውን የወጣን ሰው ስህተት ይቅር አይሉም።

ብሉ ካትፊሽ የአገራችን አምባዛ የሩቅ ዘመድ ነው። የትውልድ ቦታው የሚሲሲፒ፣ የሚዙሪና የኦሃዮ ወንዞች ሲሆን በ1970ዎቹ ለስፖርት ማጥመጃ ተብሎ ቨርጂንያ ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ፤ ከዚያም ቼሳፒክ ቤይ በሚባለው የባሕር ሰላጤ ገባሮች ተዛመተ። የአካባቢውን ዓሣና ሸርጣን ስለሚበላ እንደ ወራሪ ዝርያ ይቆጠራል። በሜሪላንድ የመጠንም ሆነ የቁጥር ገደብ የለበትም። በሕይወት እንዳለ ወደ ሌላ ውኃ ወስዶ መልቀቅ ግን በሕግ የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገር። ካትፊሽ ቅርፊት የለውም። በሃይማኖት ሥርዓት ምክንያት አምባዛ የማይበላ ሰው ይህንንም አይበላም። ጓደኛዎ እንዲህ ከሆነ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጀመሪያ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ያን ጊዜ የሎው ፐርች የሚባለው ባለ ቅርፊት ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ትንንሽ ገባር ወንዞች ይወጣል፤ ማታዎማን ክሪክ በዚህ የታወቀ ነው። ለእሱ ቀላል ዘንግ፣ ቁጥር 4 መንጠቆና ትል ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ የባሕር ሙላትና ጉድለት በሚደርስበት ውኃ ዝቅተኛው መጠን 9 ኢንች፣ በቀን ለአንድ ሰው የሚፈቀደውም 10 ዓሣ ነው። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ስለ ካትፊሽ ነው።

ፈቃድና ቦታ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፈቃዱ ነው። ቨርጂንያ ዳር ቆማችሁም ውኃው የቨርጂንያ ላይሆን ይችላል። ከተማው አካባቢ ወንዙ እስከ ቨርጂንያ ዳር ድረስ የዲሲ ነው፤ ስለዚህ ኤርፖርቱ አጠገብ ግራቭሊ ፖይንት ላይ ለማጥመድ የዲሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከዉድሮ ዊልሰን ድልድይ በታች ዋናው ወንዝ የሜሪላንድ ስለሆነ የሜሪላንድ “ቼሳፒክ ቤይና ጠረፍ” ፈቃድ ይሠራል። ፈቃድ ዕድሜው 16 ዓመት ከሞላ ሰው ጀምሮ ይጠየቃል። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ያዙ፤ በአንድ ሰው ፈቃድ ሁለት ሰው አያጠምድም። ሁለቱም ፈቃዶች በኢንተርኔት ይገዛሉ።

ለመጀመሪያ ቀን የምንመክረው ሜሪላንድ ውስጥ በ210 መንገድ የሚደረስበትን ፎርት ዋሽንግተን ፓርክ ነው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የወንዙ ጥልቅ መስመር እዚያ ለዳሩ ቅርብ ነው። በክረምት ካትፊሽ ከ20 እስከ 40 ጫማ ጥልቀት ያላቸውን ጉድጓዶችና የጥልቁን መስመር ጠርዝ ይይዛል። ሌሎች ብዙ ቦታዎች ላይ ከዳር 100 ያርድ ወርውራችሁ እንኳ የምታገኙት 6 ጫማ ውኃ ነው። ፓርኩ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ግቢው የሚከፈተውም ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ስለሆነ ዕቅዳችሁን በዚያ ልክ አድርጉ። ሌላ ቦታ ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ላይ የጥልቀት ካርታ ከፍታችሁ፣ የጥልቁ መስመር ወደ ዳር የሚታጠፍበትን ውጫዊ ኩርባ ፈልጉ።

ቀኑንና ሰዓቱን መምረጥ

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ፖቶማክ ከቼሳፒክ ቤይ ጋር ስለሚገናኝ እስከ ሊትል ፎልስ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዋሽንግተን ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት 3 ጫማ ያህል ነው። ካትፊሽ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተት ነው፤ ውኃው ሲንቀሳቀስ የማባበያውን ሽታ ይዞ ይሄዳል፣ ዓሣውም ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። ውኃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ሲቆም ሽታውም ይቆማል፣ መንከሱም ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ኖአ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት በነፃ ያወጣዋል። ሰንጠረዡን ስታነቡ ሦስት ነገር አትርሱ። ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል፤ ባለፈው ቅዳሜ የሠራ ሰዓት ለዚህ ቅዳሜ አይሠራም። ሙላቱ ከባሕር ወደ ላይ ስለሚመጣ ፎርት ዋሽንግተን ከዲሲው ሰንጠረዥ ቀደም ይላል። ከሰሜን ምዕራብ ለአንድ ቀን ሙሉ ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ ውኃውን ወደ ታች ገፍቶ ስለሚያወጣው ሰንጠረዡ ጨርሶ ላይሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ቀን ዳሩ ገላጣ ጭቃ ይሆናል፤ ቀን መቀየር ይሻላል።

የሚመረጠው ቀን ውኃው ከሞላ በኋላ የሚጎድልበት ጊዜ ከረፋዱ እስከ ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ነው። ሙላቱ ከቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ መንጠቆ ውኃ ውስጥ ይሁን፤ ከዚያ ያለው አራት ሰዓት ያህል የቀኑ ዋና ጊዜ ነው። ንጋት ላይ መድረስ በበጋ ይጠቅማል፣ በክረምት ግን ግዴታ አይደለም። ፀሐይ ከወጣ በኋላ የሚሞቀው አየር ለእናንተም ለእጃችሁም ይበጃል፣ ካትፊሹም ጥልቅ ውኃ ውስጥ በቀን ብርሃን ይበላል። ከሙቀቱ ይልቅ የአየሩ መርጋት ይታይ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ 38 ዲግሪ የሆነ አየር ከ55 ወደ 30 በድንገት ከወረደበት ቀን ይሻላል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለትና ሦስት ቀን ወንዙ ግንድና ቅጠል ይዞ ስለሚወርድ ክራችሁን ይሸከምባችኋል፤ አትውጡ።

ዕቃ

ለአንድ ሰው ሁለት ዘንግ በቂ ነው። ርዝመቱ ከ9 እስከ 10 ጫማ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው የመወርወሪያ ክብደት እስከ 6 አውንስ የሚደርስ ይሁን። ክሩ የሚጠቀለልበት ሪል መጠኑ 6000 የሆነ ስፒኒንግ ሆኖ ቢያንስ 200 ያርድ ባለ 20 ፓውንድ ሞኖ የሚባል አንድ ወጥ የናይለን ክር ይያዝ። ብሬድ የሚባለው የተጎነጎነ ክር ቀጭንና ጠንካራ ቢሆንም ለብርድ ቀን አንመርጠውም፤ ውኃ ስለሚይዝ የዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራል። ሞኖ እንደ ብሬድ ውኃ ይዞ አይመጣም፤ መለጠጡም ቀጥሎ ለምንናገርለት ክብ መንጠቆ ይስማማል።

ከዚህ ሌላ፦ መሬት የሚሰካ የብረት ዘንግ መያዣ አራት፣ እጀታው ረጅም የሆነ መረብ፣ ፒንሳ፣ የራስ ባትሪ፣ የእጅ ሚዛን፣ ኩለር ከበረዶ ጋር፣ ቢላዋና መክተፊያ ጣውላ፣ ሦስት አሮጌ ፎጣ። ፎጣው ቀላል ነገር ይመስላል፤ እጅን ሳያደርቁ ጓንት ማጥለቅ ግን የግማሽ ቀን ቅዝቃዜ ነው።

መንጠቆውን ማሰር

ይህን ቤት፣ ጠረጴዛ ላይ፣ በሞቀ እጅ ሥሩት። ለሁለት ሰው አሥራ ሁለት አዘጋጁ፤ የወንዙ ወለል ድንጋይና ግንድ ስላለው መበጠሱ አይቀርም።

1. ከባለ 50 ፓውንድ ሞኖ 20 ኢንች ቁረጡ። ይህ ሊደር የሚባለው፣ መንጠቆውን ከዋናው ክር ጋር የሚያገናኘው ወፍራም ክር ነው።
2. አንዱን ጫፍ ከ6/0 ክብ መንጠቆ ጋር እሰሩ። ክብ መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረው ነው፤ ወደ ጎን ያልተጣመመውን ምረጡ። ዓሣው ቢውጠው እንኳ ጉሮሮውን ሳይወጋ ወጥቶ የከንፈሩን ጥግ ይይዛል።
3. ሌላውን ጫፍ ከስዊቭል ጋር እሰሩ። ስዊቭል ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚዞረው ትንሽ የብረት ማያያዣ ነው።
4. ዋናውን ክር እርሳሱ (ማባበያውን ወለል ላይ የሚያቆየው ክብደት) በሚንጠለጠልበት ቱቦ ውስጥ አሳልፉ፣ ቀጥሎ አንድ የፕላስቲክ ዶቃ አስገቡ፣ ከዚያ ከስዊቭሉ ሌላ ቀለበት ጋር እሰሩ። ዶቃው እርሳሱ ቋጠሮውን እንዳይቀጠቅጠው ይከላከላል።
5. እርሳሱን ከቱቦው ጋር በአራት ኢንች ባለ 15 ፓውንድ ክር አንጠልጥሉ። ድንጋይ ውስጥ ቢሰነቀር ይህ ቀጭን ክር ብቻ ይበጠሳል፤ እርሳሱ ይጠፋል፣ ዓሣውና መንጠቆው ግን ይተርፋሉ።

ለቋጠሮው፦ ክሩን በቀለበቱ አሳልፋችሁ አምስት ጊዜ በራሱ ላይ ጠምጥሙ፣ ጫፉን በቀለበቱ አጠገብ በቀረው ቀዳዳ መልሱ፣ ቀጥሎ በተፈጠረው ትልቁ ጉንጉን ውስጥ አሳልፉ። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ወይም በውኃ አርጥቡት። ደርቆ የተሳበ ሞኖ በራሱ ፍትጊያ ይቃጠልና ዓሣው ዳር ሲደርስ ይበጠሳል፤ ብዙ ትልቅ ዓሣ የሚጠፋው በዚህ ነው።

እርሳሱ 4 አውንስ ይሁን። የፒራሚድ ቅርጽ ያለው አሸዋና ጭቃ ላይ ይተከላል፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ድንጋይ ላይ አይንከባለልም። እየተንከባለለ ወደ ዳር ከመጣ ወደ 5 ከፍ አድርጉ።

ማባበያ

ከሁሉ የሚሻለው ጊዛርድ ሻድ የሚባለው ቅባታም ዓሣ ነው። በክረምት ግን በመረብ ማግኘቱ ከባድ ስለሆነ፣ ማጥመጃ ሱቅ ውስጥ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን ሜንሃደን ግዙ፤ ብዙ ሱቆች “በንከር” ይሉታል። እሱም ከታጣ ከእስያ ገበያ ያልተጨሰና ጨው ያልነካው ማከሬል ይሠራል። ቁም ነገሩ ቅባትና ደም መኖሩ ነው። የዶሮ ጉበት ሽታው ጥሩ ቢሆንም ስትወረውሩት ከመንጠቆው ተላቆ ይበራል።

ለሁለት ሰው የአራት ሰዓት ቆይታ 4 ፓውንድ ይበቃል። ማታውን ወደ ፍሪጁ የታችኛው ክፍል አውርዱት እንጂ ሙሉ በሙሉ አታሟሙት፤ በከፊል በረዶ የሆነ ዓሣ በንጽሕና ይቆረጣል፣ ሙሉ የሟሟው ግን ይላሽቃል።

አቆራረጡ ለክረምት ይለያል። በበጋ የዓሣውን ግማሽ ራስ የሚሰኩ አሉ፤ በቀዝቃዛ ውኃ ግን የዓሣው ሰውነት ምግብ የሚፈጨው በዝግታ ስለሆነ ትንሽ ቁራጭ ይሻላል። ሜንሃደኑን በአግድመት 1 ኢንች ውፍረት ቆራርጡ። መንጠቆውን በጀርባው በኩል፣ በቆዳው ሥር አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፉ። የመንጠቆው ጫፍና ክቡ አፍ ከሥጋው ውጪ ሙሉ በሙሉ ይታይ። ዘንጉ ደጋግሞ እየተነቀነቀ ዓሣ ካልተያዘ መጀመሪያ የምትመረምሩት ይህን ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጫፉ ሥጋው ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

በየ30 ደቂቃው ማባበያውን ለውጡ። ሥጋው እንዳለ ሆኖ ነጥቶ ከመጣ ሽታው አልቋል ማለት ነው፣ መልሳችሁ አትጣሉት።

ዳር ላይ፦ የሁለት ሰው ሥራ

አራቱን ዘንጎች በየአምስት እርምጃው ትከሉ። ሁለቱን መካከለኞች ሩቅ፣ ዳርና ዳር ያሉትን አንዱን 30 አንዱን 50 ያርድ ላይ ጣሉ። ዓላማው ዓሣው በምን ያህል ርቀት እንዳለ ማወቅ ነው። አንዱ ዘንግ ሁለት ጊዜ ከተነከሰ ሌሎቹን ሁሉ ወደዚያ ርቀት አምጡ፤ በክረምት ዓሣው መንጋ ስለሆነ አንድ ካለ ሌሎችም አጠገቡ አሉ። ውኃው እየሄደ 40 ደቂቃ ምንም ካልነካ መጀመሪያ ርቀቱን ለውጡ፣ ቀጥሎ 50 ሜትር ያህል ወደ ጎን ሂዱ። አንድ ቦታ ላይ ቀኑን ሙሉ መትጋት በክረምት ትዕግሥት አይባልም።

ስትወረውሩ በእርጋታ፣ ዘንጉን በሙሉ ተጠቅማችሁ ግፉት። 4 አውንስ እርሳስ በኃይል ሲነጠቅ ባለ 20 ፓውንድ ክር ይበጥሳል፣ የተበጠሰው እርሳስም ሰው ሊጎዳ ይችላል። የሚወረውረው “ልጥል ነው” ይበል፣ ሌላው ከኋላና ከጎን ይራቅ።

ድራግ የሚባለውን የሪሉን ማጥበቂያ ከክሩ አቅም ሩብ ላይ አድርጉ፤ በእጅ ሚዛን ክሩን ስትስቡ 5 ፓውንድ አካባቢ መልቀቅ ይጀምር። በጣም ከጠበቀ ዘንጉ ከነመያዣው ወንዝ ይገባል።

ዓሣው ሲነክስ ዋናው ሕግ ዘንጉን አለመንጠቅ ነው። ክብ መንጠቆ በመንጠቅ አይሠራም፤ ከዓሣው አፍ ያወጣዋል። ጫፉ ሲነቀነቅ እጃችሁን ሰብስቡ። ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ሲቀር አንሱት፣ ክሩን እየጠቀለላችሁ ጫናውን ጨምሩ። ይኼኔ ጓደኛ ሦስት ሥራ አለው፦ ቅርብ ያሉትን ዘንጎች ክር ሰብስቦ ከመንገድ ማውጣት፣ መረቡን ውኃ ውስጥ አስቀድሞ ማስገባት፣ ዓሣው በጭንቅላቱ በኩል እስኪገባ መጠበቅ። መረቡን ዓሣው ላይ መወርወር መንጠቆውን ይመታዋል። ዓሣውን ከጅራቱ በኩል ለመክተት መሞከርም ዓሣ ያስመልጣል።

አየሩ ከ32 ዲግሪ በታች ከሆነ የዘንጉ ቀለበቶች በረዶ ይይዛሉ። በጥፊ ወይም በፒንሳ አትምቱት፤ ውስጡ ያለው የሸክላ ቀለበት ይሰነጠቃል። ጫፉን ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ መንከር በረዶውን ያሟሟል፤ ከመውጣታችሁ በፊት የከንፈር ቅባት መቀባትም ያዘገየዋል።

ካትፊሽ በጀርባውና በሁለቱ ጎኖቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። በወፍራም ጓንት ከሆዱ በኩል፣ ከጎን እሾሆቹ ኋላ ያዙት። መንጠቆውን በፒንሳ ወደ ገባበት አቅጣጫ መልሳችሁ አዙሩ። አልፎ አልፎ ስትራይፕት ባስ የሚባል ሌላ ዓሣ ይያዛል፤ የአካባቢው ሰው ሮክፊሽ ይለዋል፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉት። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ወቅቱ ዝግ ስለሆነ በረጠበ እጅ ይዛችሁ ቶሎ መልሱት።

ብርዱ

ልብስ በሦስት ድርብ ይሁን፦ ከሥር ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ፣ መሐሉ ወፍራም፣ ላዩ ነፋስና ውኃ የማያሳልፍ። ጥጥ አይሁን፤ አንዴ ከረጠበ ሙቀት ይወስዳል። ጫማችሁ ወፍራም ካልሲ ለብሳችሁ ጣታችሁ የሚንቀሳቀስበት ይሁን፣ ጠባብ ጫማ ደም ዘግቶ እግር ያቀዘቅዛል። ሙሉ የደረቀ ልብስ በየሰዉ ከረጢት ተደርጎ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። ሻይ በቴርሞስ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፤ ከሁሉም ትኩስ ሽሮ በቴርሞስ ይዞ መውጣት ለውጥ ያመጣል። አልኮል ግን ቆዳ ያሞቀ ይመስላል እንጂ ከውስጥ ሙቀት ያወጣል፤ ቤት ይቅር።

ትልቁ አደጋ መውደቅ ነው። ውኃው ሲጎድል የሚወጣው ድንጋይ አረንጓዴ ንፍጥ ወይም ስስ በረዶ ይሸፍነዋል። ድንጋይ ላይ ስትቆሙ የመንሳፈፊያ ጃኬት ልበሱ። ቀዝቃዛ ውኃ የገባ ሰው በመጀመሪያዋ 1 ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ እጁና እግሩ መታዘዝ ያቆማሉ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን እስኪስት ወደ 1 ሰዓት ይወስዳል። ስለዚህ ጓደኛው ዘሎ አይግባ። ለሁለቱ የ50 ጫማ ገመድ ተዘጋጅቶ እጅ አጠገብ ይኑር፤ ገመዱን ይጣልለት፣ 911 ይደውል።

ጓደኛችሁ ቃላት ሲያሳስት፣ ቋጠሮ ማሰር ሲያቅተው፣ ወይም በኃይል ሲንቀጠቀጥ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ሲቆም “ደህና ነኝ” ቢልም አትመኑት። ወደ መኪና ውሰዱት፣ የረጠበውን አውልቁ፣ ደረቱንና ሆዱን አሙቁ። ሳትወጡ በፊት ተስማሙ፦ አንዱ “በረደኝ” ካለ ሁለቱም ይሄዳሉ፣ ክርክር የለም።

የሚበላውን መምረጥና ማዘጋጀት

ፖቶማክ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል አሮጌ የፋብሪካ ኬሚካል አለ፤ ዓሣው ቅባት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ዓሣው በተለቀ መጠን ይበዛል። የሜሪላንድም የዲሲም የአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ምን ያህል መብላት እንደሚቻል ያወጣሉ፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠው ልክ ያነሰ ነው። ከመብላታችሁ በፊት ይህን ተመልከቱ። ለማዕድ ከ15 እስከ 24 ኢንች ያለውን ያዙ። ከ30 ኢንች በላይ የሆነው ለፎቶ እንጂ ለድስት አይሆንም።

የሚበላውን ወዲያው ራሱን መትታችሁ ግደሉት፣ ጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥቅ ቆርጣችሁ ባልዲ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ ደሙ ይፍሰስ፣ ከዚያ በረዶ ላይ አኑሩት። ደሙ ያልወጣ ካትፊሽ ሥጋው ይቀላል፣ የጭቃ ጣዕምም ይበረታበታል።

ቤት ስትገቡ ከራሱ ኋላ እስከ አጥንቱ ቁረጡ፣ ቢላዋውን በጀርባ አጥንቱ ላይ እያስኬዳችሁ ወደ ጅራቱ ውረዱ፣ ሥጋውን ከቆዳው ለዩ። በቁራጩ መሐል ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄደው ጥቁር ቀይ ሥጋ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፤ የሆዱ ስስ ክፍልም ይጣል። ቅባቱ ያለው እዚያ ነው፤ ፒሲቢውም መጥፎ ሽታውም አብሮ ይቀንሳል። ነጩን ሥጋ በቀዝቃዛ የጨው ውኃና ሎሚ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ።

ሥጋው ጠንከር ስለሚል ለጉላሽና ለዱለት ይመቻል። ለዱለት ለ1 ፓውንድ ሥጋ፦ ቀቅላችሁ ውኃውን ጨምቁ፣ በጣት ፈርፍሩ፣ በትንሽ ዘይት ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ነካ አድርጋችሁ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር አዋሕዱ። ለመጥበስ በ1 ኢንች ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ አድርቃችሁ፣ 360 ዲግሪ ፋራናይት በደረሰ ዘይት ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ዘይቱ ሳይግል የገባ ዓሣ ቅባት ይጠጣል።

ራሱንና አጥንቱን በሁለት ፌስታል አስራችሁ የቆሻሻ መኪና እስከሚመጣበት ቀን ድረስ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ። የተረፈውን ሥጋ አየር ከፌስታሉ አውጥታችሁ በአንድ ቀን ማዕድ ልክ ከፋፍሉት፤ ቀኑንና ዓሣው የተያዘበትን ቦታ ላዩ ላይ ጻፉ፣ ጓደኛችሁም ድርሻውን ይዞ ይሂድ።